ሳይደቅ ይያዝ፤ የፕላስቲክ ብናኝ በኢሉባቦር አፈርና ውኃ

ስለ ፕላስቲክ ብናኝ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ባሕር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዝናብ በማይጠግበው ደን መካከል ለሚኖረው የመቱ፣ የጎሬ፣ የያዩና የኖፓ ሰው ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ከሌሎች አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ኢሉባቦር ነው እላለሁ። ኢሉባቦር ላይኛው ተፋሰስ ነውና። የሶርና የገባ ወንዞች የሚሞሉት በዚሁ በደቡብ ምዕራቡ ደጋ ዝናብ ነው፤ ከሩቅ አገር ቆሻሻ ይዞ ወደዚህ የሚወርድ ወንዝ የለም። የጋምቤላ ሰው «ከላይ መጣብን» ቢል ያስኬደዋል። በሶር ውኃ ውስጥ ፕላስቲክ ቢገኝ ግን የሚወቀስ ሌላ ላይኛ የለም።

ውኃው ከዚህ ተነስቶ የት እንደሚደርስ እንከተለው። ሶር ከገባ ይቀላቀላል፤ ገባና ቢርቢር ሲገናኙ ባሮ ይወለዳል፤ ባሮ ከደጋው ተንደርድሮ ጋምቤላ ሜዳ ላይ ይረጋና በኢታንግ አድርጎ ወደ ድንበሩ ያመራል፤ ከፒቦር ጋር ሲገጥም ሶባት ተብሎ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ነጭ ዓባይ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ግማሽ ያህል ውኃውን በትነት ካጣ በኋላ መልሶ የሚሞላው በዚሁ በሶባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ካይሮ ላይ ከዓባይ የተያዙ የቆሮሶና የአምባዛ ዓሦች ሆድ ሲመረመር ከአራቱ ሦስቱ ያህል ፕላስቲክ ውጠው ተገኝተዋል፤ ከተገኘውም የሚበዛው ክር ነበር። ያ ፕላስቲክ በአብዛኛው የዚያች ግዙፍ ከተማ የራሷ ጥፋት እንደሚሆን መገመት አይከብድም፤ ይህን ያነሳሁት ኢሉባቦርን ለመክሰስ አይደለም። ወንዝ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ከላይ ያለ ሰው የጣለውን መልሶ አያየውም፤ ጉዳቱን የማያይ ደግሞ ለማቆም አይቸኩልም። የላይኛው ተፋሰስ ችግር ይኸው ነው።

የፕላስቲክ ብናኝ፣ በሳይንሱ አጠራር ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቁራጭ ሁሉ ነው። ስሙ የተለመደው በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ቶምሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ካወጡት አጭር ጽሑፍ ወዲህ ነው። በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ዓይን የማያያቸው የፕላስቲክ ክሮችና ስብርባሪዎች እንዳሉ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተቀምጠው በቆዩ የባሕር ናሙናዎች ውስጥም ቁጥራቸው እየጨመረ እንደመጣ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የፈለገ ሁሉ አግኝቷቸዋል፤ በኤቨረስት ተራራ በረዶ ላይም፣ በውቅያኖስ ጥልቅ ወለል ላይም።

አንዳንዱ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ደቃቅ ሆኖ የተሠራ ነው። በእኛ አካባቢ የሚበዛው ግን ከትልቁ እየተሰበረ የሚመጣው ነው። ፕላስቲክን የሚያስረጀው በመጀመሪያ ፀሐይ ነው፤ ጨረሩ የፕላስቲኩን ሰንሰለት እየበጠሰ ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ የሰው እግር፣ የከብት ኮቴ፣ ዶማና የባጃጅ ጎማ ያደቁታል። እንጨትና ቅጠል ሲበሰብሱ የሌላ ሕይወት ምግብ ይሆናሉ፤ ፕላስቲክ ግን ቢደቅም ያው ፕላስቲክ ነው። ደጅ ላይ የከረመ ፌስታል ሲነኩት ብን ብሎ የሚበጣጠሰው ሲያረጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊለቅመው አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ከዚህ ይነሳል። ፕላስቲክ ገና ሙሉ ሳለ አንድ ሕፃን በእጁ ሊያነሳው ይችላል፤ ከደቀቀ በኋላ የዓለም ገንዘብ ቢሰበሰብ ከአፈር ውስጥ አይለቅመውም። በኢሉባቦር ገና ያልደቀቀ ብዙ አለ። ጊዜው አሁን ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው በአያቶቻችን ዕድሜ ውስጥ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ በነበረበት ዘመን፣ ቡናውን የሚይዘው ጆንያና ቆዳ፣ ቅቤውን የሚጠቀልለው ቅጠል፣ ማሩን የሚይዘው ቅልና እንስራ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ከተጣለበት ቦታ ብዙ ዓመት አይቆይም ነበር፤ የሸክላ ስባሪ ቢቆይም ያው አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የመላው ዓለም የፕላስቲክ ምርት ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነበር፤ በ2019 ከ450 ሚሊዮን ቶን አልፏል። ከሚጣለው ፕላስቲክ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም። የመጣል ልማዳችን ግን የቅጠልና የቅል ዘመን ልማድ ነው፤ ጓሮ ወርውረን ምድር ትበላዋለች ብለን እንተወዋለን።

ስለ ፕላስቲክ ብክለት በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ሲነገር ሁልጊዜ የሚወቀሰው ፌስታል ነው። ፌስታል ጥፋተኛ መሆኑ አያከራክርም፤ ብቻውን መወቀሱ ግን ዓይናችንን ከሌላው አንስቶብናል። በኢሉባቦር ገጠር ከፌስታል ይልቅ የሚያሳስበኝ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ይህ ነጭ ከረጢት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ በስሱ ተቀድዶ የተሸመነ ነው። አገራችን በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ ታስገባለች፤ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሚይዝ ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ከረጢት በየዓመቱ ወደ ገበሬው ቤት ይገባል ማለት ነው። የስኳሩ፣ የዱቄቱና የሩዙ ከረጢት ሲጨመር ቁጥሩ የትየለሌ ነው።

ማዳበሪያ የማይጠቀመው የጫካ ቡና ገበሬ እንኳ ከረጢቱን ከገበያ ገዝቶ ይጠቀምበታል። እሸት ቡና ይጫንበታል፣ በቆሎ ይቀመጥበታል፣ ከሰል ይታሰርበታል፣ ተተርትሮ ምንጣፍና የአጥር መሸፈኛ ይሆናል፣ ገመድም ይወጣዋል። በዚህ ሁሉ አገልግሎቱ ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ጫፉ ይተረተራል፤ ቀጫጭን ነጭ ክር እየሆነ ይረግፋል። ከረጢት የተዘረጋበትን ማንኛውንም ግቢ መሬት ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ክሮቹን ያገኛቸዋል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከረጢቱ «አለቀ» ይባላል። ያለቀው አፈር ውስጥ ገብቶ ነው። የፌስታል እገዳ ይህን ከረጢት አይመለከተውም፤ ስሙም በፕላስቲክ ዝርዝር ውስጥ አይነሳም፤ ደሃው ገበሬ ደግሞ ያለ እሱ መኖር አይችልም። ስለዚህ እገዳ መፍትሔ አይሆነውም። መፍትሔው ሳይተረተር መልሶ መረከብ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው የችግኝ ፕላስቲክ ነው። የቡና ችግኝ ጣቢያዎች አፈር የሚሞሉት በጥቁር የፖሊቲን ቱቦ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የደን ችግኙም የፍራፍሬ ችግኙም እንዲሁ በብዙ ሚሊዮን እየተፈላ ይተከላል። እያንዳንዱ ችግኝ አንድ ፕላስቲክ ለብሶ ወደ ማሳ ይሄዳል። በወጉ ሲሠራ ፕላስቲኩ ተቀድዶ ይወጣል፤ ችግኙም ሥሩ ተፈትቶ ይተከላል። በጥድፊያ ሲሠራ ደግሞ ወይ ከነፕላስቲኩ ይቀበራል፣ ወይ ተቀድዶ ጉድጓዱ ዳር ይጣላል። ሁለቱም ዛፍ ለመትከል በተወጣበት ቀን ፕላስቲክ መዝራት ነው። በኢሉባቦር ግን ለዚህ አማራጭ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአካባቢው ገበሬ ከእናት ዛፍ ሥር ወድቆ የበቀለውን የቡና ችግኝ ነቅሎ ወደ ተመቸ ቦታ ማዛወር የቆየ ጥበቡ ነው፤ ምንም መያዣ የማይፈልግ ጥበብ። ለተመረጠ ዝርያ ችግኝ ጣቢያ ግድ ከሆነም ቱቦውን በተተከለበት ዕለት መሰብሰብ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቧልና።

የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚዘረጋው መረብና ዝናብ ሲመጣ የሚሸፈንበት ላስቲክ ከዚሁ ወገን ናቸው። ለቡናው ጥራት ያስፈልጋሉ፤ ከመሬት ላይ ማድረቅ ይመለስ የሚል የለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ የዓለም ግብርና በዓመት 12.5 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ውጤቶችን እንደሚጠቀም ገልጾ፣ የእርሻ አፈር ከውቅያኖስ የበለጠ ማይክሮፕላስቲክ ሳይዝ እንደማይቀር አስጠንቅቋል። እርሻ ራሱ የፕላስቲክ ምንጭ መሆኑን መቀበል ብዙዎቻችንን ያስቸግረናል፤ ፕላስቲክ የከተማ ጥፋት ነው ብለን ስለለመድን።

የከተማውም ድርሻ አለ። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የምንገዛው ልብስ አብዛኛው ፖሊስተር ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ በታጠበ ቁጥር ክር ይጥላል፤ ወንዝ ዳር ሲታጠብ ክሩ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። በካይሮ ዓሦች ሆድ ውስጥ ክር መብዛቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ነው። የጎማ ፍቃፊም በዓለም ላይ ከታወቁት ትልልቅ የማይክሮፕላስቲክ ምንጮች አንዱ ነው። ከበደሌ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛና ቁልቁለታማ ስለሆነ ጎማ ይበላል፤ የተበላውን ዝናብ ጠርጎ ገደል ይከተዋል።

ስለ ማቃጠል አንድ ነገር ልበል። ቆሻሻን ግቢ ውስጥ ማቃጠል ጽዳት ይመስለናል፤ እርጥብ እንጨት አልያያዝ ሲልም ፌስታል ወይም የሃይላንድ ቁራጭ ጣል ይደረግበታል። ከዚህ የሚወጣው ጭስ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችውን እናትና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ነው የሚመታው። የውኃ ቱቦ የሚሠራበትና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለብሰው ዓይነት ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ሲቃጠል ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል። አመዱም ውስጥ በወጉ ያልነደደ ቅንጣት ይቀራል፤ አመድ ደግሞ በእኛ ቤት ጓሮ ላይ የሚበተን ነው። ይህን ልማድ ለማስቆም ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጨፌው ነው። ኢሉባቦር በየሸለቆው ሥር በተኙ ረግረጋማ ቦታዎቹ ይታወቃል። ምንጩ የሚፈልቀው ከዳራቸው ነው፤ የቤት ክዳኑና ለበዓል የሚጎዘጎዘው ከዚያ ይታጨዳል፤ በበጋ ደግሞ ቦይ ተቀድዶላቸው በቆሎ ይዘራባቸዋል፤ ያ በቆሎ በረሃብ ወራት የሚደርስ የብዙ ቤት መትረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዙ ሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እነዚህን ረግረጎች ለዓመታት አጥንቷል፤ ኢሉባቦር በዓለም የረግረግ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ጨፌ ውኃን ያዘገያል፤ ውኃው ሲዘገይ የተሸከመውን ደለል ያስቀምጣል። ወደ ሶርና ወደ ገባ ጥርት ያለ ውኃ የሚያወርደው ይህ አሠራር ነው።

የሚያጣራ ነገር ያጣራውን ይይዛል። ደለሉን፣ ቅጠሉንና እበቱን ጨፌው ያበሰብሳቸዋል፤ ፕላስቲኩን ግን ሊያበሰብስ አይችልም፤ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረባል። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ዙሪያ ባሉ ወንዞች ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ አንድ የጎርፍ ወቅት ከወንዞቹ ወለል ላይ 70 በመቶ ያህሉን ማይክሮፕላስቲክ ጠርጎ እንደወሰደ አሳይተዋል። የኢሉባቦር ዝናብ ከማንቸስተር ዝናብ ጋር አይነጻጸርም፤ ከመጋቢት ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ የሚዘንብበት ቦታ ነው። እንግዲህ በገበያ ቀን የተጣለው በመጀመሪያው ዶፍ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ጨፌ ካለ እዚያ ይቆማል፤ ጨፌው ታርሶ ቦይ ከወጣለት ደግሞ ከነደለሉ ወደ ወንዙ ያልፋል። ሁለቱም ክፉ ነው። በመጀመሪያው ምንጩና በቆሎው አጠገብ ይጠራቀማል፤ በሁለተኛው ለጋምቤላ ይላካል። ለአኝዋና ለኑዌር ቤተሰብ ዓሣ ከምግቡ አንዱ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ደለል ውስጥ የተቀመጠ ፕላስቲክ ከዓሣ ሆድ እንደሚገባ በአገራችን ምድር ተረጋግጧል። በለሜሳ መርጋ መሪነት የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተባብረውበት እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የዝዋይ ሐይቅ ጥናት በአራት የዓሣ ዓይነቶች ላይ የተሠራ ነው፤ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶ ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ከሐይቁ ወለል ደለል እየጫሩ የሚመገቡት እንደ አምባዛ ያሉት ላይኛውን ውኃ ከሚመገበው ከቆሮሶ ይልቅ በብዛት ውጠው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በቪክቶሪያ ሐይቅ ምዋንዛ ላይ በተደረገ ምርመራ ከአምስቱ አንዱ ዓሣ ፕላስቲክ ነበረበት። የዝዋይ ጥናት ለእኔ ዋና ትርጉሙ ይህ ነው፤ ልኬቱ በኢትዮጵያዊ እጅ፣ በኢትዮጵያ ውኃ ላይ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ዝዋይ የተለካው በዙሪያው ከተማና የአበባ እርሻ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ሶርና ገባ ከዚያ በፊት ሊለኩ ይችላሉ። መነሻው ያልተለካ ነገር ነገ «ጨመረ ወይስ ቀነሰ» ቢባል መልስ አይኖረውም።

በሰው ጤና ላይ ያለውን ማጋነን አልፈልግም፤ ማጋነን ሰውን ወይ ያስደነግጣል ወይ ያሰለቻል። የታወቀው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ደማቸውን ከመረመሯቸው 22 ሰዎች በ17ቱ ፕላስቲክ አገኙ። በ2024 የጣሊያን ሐኪሞች ከአንገት ደም ሥር የወጣ የስብ ክምችት መርምረው፣ በክምችታቸው ውስጥ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሕሙማን በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት፣ ወይም ሞት የሚያጋጥማቸው ዕድል ካልተገኘባቸው በ4.5 እጥፍ በልጦ አገኙት። ይህ መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ሐኪሞቹም ራሳቸው ይህንኑ ብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምገማ ማስረጃው ለቁርጥ ፍርድ ገና አይበቃም ብሏል። እንግዲህ ሐቀኛው አነጋገር፣ ገብቶብናል፤ ምን እያደረገን እንደሆነ ግን እየተጠና ነው የሚል ነው። የምንጭ ውኃ ፈርቶ ወደ ሃይላንድ ውኃ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ በ2024 የወጣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በታሸገ ውኃ አንድ ሊትር ውስጥ በአማካይ ወደ 240,000 የሚጠጋ የፕላስቲክ ቅንጣት ቆጥሯል። የሕንድ ተመራማሪዎችም በወረቀት ኩባያ ሙቅ ውኃ 15 ደቂቃ ሲቆይ ከኩባያው የውስጥ ልባጥ 25,000 ያህል ቅንጣት እንደሚለቀቅ አግኝተዋል። ቡናን በሲኒ የሚጠጣ አገር ይህን ልማዱን አጥብቆ ይያዝ።

የከብቶቹ ነገር ግን ጥርጥር የለውም። በጅማ ቄራ በታረዱ ከብቶች ላይ የተደረጉ የእንስሳት ሕክምና ምርመራዎች ከጨጓራ ውስጥ በብዛት ያወጡት ባዕድ ነገር ፕላስቲክ ነው። ከብት ጨው የነካውን ፌስታል ይውጣል፤ አይፈጭም፤ አይወጣም፤ ከብቱ እየከሳ ይሞታል። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።

ደኑስ? ያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. ከካፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት አለው፤ ቢሎ ኖፓ፣ ያዩ፣ ሁሩሙ፣ አልጌ ሳቺ፣ ዶረኒና ጮራ ወረዳዎች ይጋሩታል። ለዓለም የአረቢካ ቡና የዘር ጎተራ ነው። አጥር ግን ብናኝን አያቆምም። በፈረንሳይ ፒሬኔ ተራሮች፣ ከከተማ ሩቅ በሆነ ቦታ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ 365 የፕላስቲክ ቅንጣት ከሰማይ ሲወርድ ለክተዋል። በኮፐንሃገን ዙሪያ የተሰበሰቡ ንቦች ሰውነት ላይም የፖሊስተር ክርና ሌላ ፕላስቲክ ተለጥፎ ተገኝቷል። የኢሉባቦር ማር ከዛፍ ላይ ከተሰቀለ ባህላዊ ቀፎ የሚቆረጥ ነው፤ ንቡ ለአካባቢው አየር ምስክር ነው። ኖፓና ያዩ ቡናቸውንና ማራቸውን የደን ምርት ብለው ሲሸጡ የሚሸጡት ይህን ንጽሕና ነው። ገዢው አንድ ቀን በማስረጃ አሳየኝ ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚቀርብ ልኬት ያለው አካባቢ ይጠቀማል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ። አንዲት የጉሊት ነጋዴ የፌስታሏን ውፍረት በምን ትለካለች? ተቆጣጣሪውስ? ሕጉ በዓይን ሊታይ በማይችል ልክ ላይ ስለቆመ ማንም አላስከበረውም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ የሚጣለውን ፌስታል በጠቅላላው ማገዱ ስለዚህ ትክክል ነው። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ቀድመውናል፤ ሕይወታቸውም አልቆመም።

ሁለት ነገር ግን ያሰጋኛል። አንደኛው በፌስታል ምትክ የሚሸጠው ጨርቅ የሚመስለው ከረጢት ነው። እሱም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ እንደ ማዳበሪያው ከረጢት ሁሉ ይተረተራል። ኬንያ ከእገዳዋ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ገበያዋ በዚሁ ከረጢት ስለተጥለቀለቀ እሱንም ወደ ማገድ ሄዳለች። ለመቱ ገበያ ቅርጫትና ጥጥ ዘንቢል ሳይጠፋ ፕላስቲክን በፕላስቲክ መተካት ኪሳራ ነው። ሁለተኛው፣ ቅጣቱ ከሻጩና ከአምራቹ ይልቅ ሁለት ኪሎ ድንች በፌስታል ይዛ የምትሄደውን ሴት እንዳያሳድድ ነው። እንዲያ ከሆነ ሕጉ ይጠላል፤ የተጠላ ሕግ ደግሞ አይቆይም።

እገዳው ያልነካው የማዳበሪያ ከረጢቱን፣ የችግኝ ቱቦውን፣ ላስቲኩንና ሃይላንዱን ነው። እነዚህ የማይሰበሰቡበት ምክንያት የሂሳብ ነው። ባዶ ሃይላንድና አሮጌ ከረጢት ቀላልና ቦታ ፈጂ ስለሆነ 600 ኪሎ ሜትር አጓጉዞ መሸጥ አያዋጣም፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ ቆራሌው ቤት ድረስ መጥቶ የሚወስደውን ዕቃ ኢሉባቦር ውስጥ የሚፈልገው የለም። ሂሳቡን የሚቀይረው መጭመቂያ ማሽን ነው። መቱ ላይ አንድ መጭመቂያ ቢቆም ያው ጭነት በጥቂት እስር ይገባል፤ ከቡና ወቅት ውጭ ባዶውን የሚመለስ መኪናም አይጠፋም። የከረጢቱ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ማዳበሪያ የሚያከፋፍሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው፤ አዲሱን ሲሰጡ አሮጌውን በትንሽ ዋጋ ቢረከቡ ሥርዓቱ ያለ አዲስ መሥሪያ ቤት ይቆማል። ገበሬው ስሙ ተመዝግቦ፣ ቀኑ ታውቆ፣ እጁ ላይ ከረጢት ይዞ የሚመጣበት ዕለት ነውና።

ከተሞቹም ቆሻሻ መድፊያቸውን ከወንዝና ከጨፌ አፋፍ ማራቅ አለባቸው። የመቱ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሶርን ከከተማው በላይና በታች፣ በበጋና በክረምት፣ እንዲሁም ጥቂት ጨፌዎችን በየዓመቱ እየለካ ውጤቱን ለሕዝብ ቢያወጣ ከዚህ የሚሻል አገልግሎት ለአካባቢው ሊሰጥ አይችልም። መሠረታዊው ሥራ ብዙ የሚያስወጣ አይደለም፤ ወንፊት፣ ማጣሪያ፣ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ይጠይቃል። የፕላስቲኩን ዓይነት ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ ቢሆንም ናሙናን ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ልኮ ማስመርመር ይቻላል።

ዓለም አቀፍ ስምምነትን እንጠብቅ የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው የፕላስቲክ ውል ድርድር በታኅሣሥ 2024 ቡሳን ላይ፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ጄኔቫ ላይ ያለ ስምምነት ተበትኗል። ነዳጅ ሻጮቹ አገሮች ምርቱ እንዲቀነስ አልፈለጉም። የእነሱ ክርክር እስኪያልቅ የኢሉባቦር ዝናብ አይጠብቅም።

ስለዚህ አደራዬ በመጪው ክረምት ችግኝ ይዛችሁ ለምትወጡ ሁሉ ነው፤ ለኖፓና ለያዩ ገበሬ፣ ለመቱና ለጎሬ ተማሪ፣ ለግብርና ባለሙያውና ለወረዳው አመራር። ከችግኙ ላይ የቀደዳችሁትን ፕላስቲክ ማሳው ላይ አትተዉት፤ የተተከለው ሲቆጠር የተሰበሰበው ቱቦም አብሮ ይቆጠር፤ ቁጥሩ ካልተካከለም ከማሳው አትነሱ።